መልስ፦ አርቢ ፕሮቲን የሴልን መከፋፈል እንዴት ይገታል?

ወንድሜ፣ ዕጢ ገቺ ፕሮቲን ምን እንደሚሠራ፣ የተበላሸ ጂን የወረሰ ልጅም ወዲያው ለምን እንደማይታመም ጠይቀሃል። ከዕጢ ገቺዎቹ አንዱ በሆነው በአርቢ (RB) ፕሮቲን ላስረዳህ።

አርቢ ኢ2ኤፍ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ኢ2ኤፍ ካልተለቀቀ ዲኤንኤ ለመቅዳት የሚያስፈልጉት ጂኖች አይነቁም፤ ሴሉም አይከፋፈልም። የእድገት መልእክት ሲመጣ ሲዲኬ የሚባሉ ኢንዛይሞች አርቢ ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካዊ ቅንጣት ይለጥፋሉ። ያኔ ኢ2ኤፍ ይለቀቃል፣ ሥራው ይጀመራል። ክፍፍሉ ሲያበቃ ፎስፌቱ ይነሳና አርቢ ወደ ጥበቃው ይመለሳል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የአርቢ ጂን በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል። ጣጣው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። አሜሪካዊው የካንሰር ዘረመል ተመራማሪ አልፍሬድ ክኑድሰን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት የዓይን ካንሰር አጥንቶ ነው። አንዱን የተበላሸ ቅጂ የወረሱ ልጆች ቀደም ብለው፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይን ይታመማሉ፤ የቀራቸው አንድ ብልሽት ብቻ ነዋ!

በነገራችን ላይ፣ በፍላሽ በተነሳ ፎቶ የሕፃን ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ካበራ፣ ሁሌ ካንሰር ነው ማለት ባይሆንም፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ለዓይን ሐኪም አሳዩት። ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።