መልስ፦ ቴርሞሜትር የሙቀት መጠንን በቀጥታ ይለካል ወይ?

አይለካም ወንድሜ። በዓይንህ የምታነበው የሜርኩሪውን ርዝመት ነው፤ ዲግሪው ከዚያ የሚገኝ ነው።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኖርማን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1920 ያስቀመጠው መለያ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፦ በመሠረታዊነት (ማለትም በቀጥታ) የሚለካ ነገር መደመር የሚችል መሆን አለበት። ሁለት ባለ 1 ኪሎ ድንጋዮች አንድ ሚዛን ላይ ብታደርግ 2 ኪሎ ይሆናሉ። የ40 ዲግሪ ውሃ ላይ የ40 ዲግሪ ውሃ ብትጨምር ግን ያው 40 ነው (80 ቢሆንማ ሻይ ለማፍላት እሳት ባላስፈለገን)። እፍግታም ቀጥተኛ አይደለም፤ መጠነ ቁስን ለይዘት አካፍለህ ነው የምታገኘው።

ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሜርኩሪ ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተመጣጠነ መስፋቱን በምን አወቅን? በሌላ ቴርሞሜትር እንዳንል፣ እሱም ያው ጥያቄ አለበት። የፊዚክስ ሊቁ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1848 ከየትኛውም ቁስ ባህርይ ነጻ የሆነ የሙቀት መለኪያ እርከን (ስኬል) ያቀረበው ለዚህ ነው።