ሕመሙ ለቀቃት፤ እኅቴ ግን ገና አልተመለሰችም

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅቴ በወለደች በስድስተኛው ቀን እንቅልፍ አጥታ፣ «ልጄን ለወጡብኝ» እያለች ስትጮኽ ሆስፒታል አስተኛናት። በሁለት ወር ውስጥ ተሻላት። አሁን ልጁ ሰባት ወሩ ነው፤ እርሷ ግን ትፈዝዛለች፣ ልጇን ብቻዋን ለመያዝም ትፈራለች። መድኃኒቱን ልታቆም ትፈልጋለች፤ ባለቤቷ ደግሞ ስለ ሁለተኛ ልጅ ያነሣል። ምን ይመክሩናል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ «ብርድ መታት» ወይም «ተለከፈች» ቢባልም፣ እኅትዎን ያገኛት ከአንድ ሺህ ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቱን የሚያጋጥመው የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ (ከወሊድ በኋላ የሚመጣ፣ ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ይመስላል፤ ከባድ ቢሆንም አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ። ቅዠቱና ጥርጣሬው በሳምንታት ውስጥ ሲለቅ፣ በራስ መተማመኗ ግን ለመመለስ ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሕመሙ ጊዜ የተናገረችውን እያስታወሰች ታፍራለች፤ በዚህም ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ ይከተላል፤ እርሱም ስለሚታከም መፍዘዟን ለሐኪሟ ይንገሩ። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣባት እንደሆነ ሳይፈሩ ይጠይቋት፤ አዎን ካለች ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት። ይህ ከሌለ ግን ልጁን አይንጠቋት፤ እርስዎ አጠገቧ ሆነው፣ እርሷ ራሷ ትጠበው፣ ታልብሰው፣ እጇ ቀስ በቀስ ይልመድ።

መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቆም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። የምትወስደው ሊቲየም (ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) ከሆነ በተለይ የድሬዳዋን ሙቀት ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሲያልባት ወይም ሲያስቀምጣት መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ይጠራቀማልና ውኃ በበቂ ትጠጣ፣ የደም ምርመራ ቀጠሮዋን አታሳልፍ፣ እጇ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሳት ወይም ከተንገዳገደች ወዲያው ትታይ። ጫት እንቅልፍ ስለሚነሣና ሳይኮሲስን ስለሚቀሰቅስ ፈጽሞ እንዳትቅም አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛ ልጅ አይከለከልም። ሆኖም ይህ ሕመም ከነበራቸው ሴቶች ከሦስት በአንዷ፣ አንዳንዴም እስከ ግማሾቹ ላይ በሚቀጥለው ወሊድ ስለሚመለስ፣ ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል፤ ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ ስሜት አረጋጊ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ጽንሱን ስለሚጎዳ አስቀድሞ በሌላ መለወጥ አለበት። አራስን ብቻዋን ያለመተው የቆየ ልማዳችን እዚህ ላይ በእጅጉ ይጠቅማል፤ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሚጀምር፣ ሌሊት ልጁን የሚይዝላት ሰው ይኑር፤ እንቅልፍ እንቢ ካላት ማግስቱን ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሷት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቷም አብሯት ይምጣ።