ምስሉን ከመጠየቅሽ በፊት ከየት እንደሚነሳ ወስኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ባለ 15 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አልሚው የእይታ ማስመሰያ፣ ማለትም ሕንፃው ሲያልቅ ከአካባቢው እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ ምስል፣ እንዲያቀርብ ማስገደድ ይጠቅማል ወይ ነው ያልሽው። ይጠቅማል። ግን እኔ በጠየቅኩበት መንገድ ከሆነ የምትጠይቂው፣ ባትጠይቂ ይሻልሻል። ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። አንዴ ተሸውጄ፣ አንዴ ተሳክቶልኝ።

የአስተያየት መስጫው ቀን እንዳያልፍሽ ምናምን የሚለውን ሌሎች ነግረውሻል። እኔ ወደሚያቃጥለው ልግባ።

1. «የእይታ ማስመሰያ ይቅረብልን» ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ።

እኔ የጻፍኩት ልክ ይህንኑ ነበር፤ አንድ መስመር። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ፣ ፊርማ ያሰባሰብኩት እኔ፣ ደረቴን ነፍቼ ያስገባሁትም እኔ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት የሚያማምሩ ምስሎች መጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዛፉ ለምለም፣ ልጆች ፊኛ ይዘው ይሮጣሉ። ሕንፃው ዳር ላይ ቆሟል፤ ቀለሙ ከደመናው ጋር ተመሳስሎ የለሁም ሊል ምንም አልቀረው። አንዱ በድሮን ከላይ የታየ ነው። ሁለተኛው ከአደባባዩ ማዶ። ሦስተኛው የመግቢያው በር። አራተኛው የማታ ነው፤ መብራት በመብራት። እኛ ከምንኖርበት በኩል የታየ አንድም የለም። እኛ ግን አጨበጨብን! እኔማ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ነው ያጨበጨብኩት።

ሕንፃው አለቀ። ግቢያችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይ አያይም። እናቴ ከሰዓት ፀሐይ የምትሞቅበት ጥግ አሁን ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። አቤት ልል ስሄድ ቃለ ጉባኤውን አውጥተው አሳዩኝ። ነዋሪዎች የጠየቁት ምስል ቀርቦላቸው ተቀብለዋል ይላል። እውነት ነው። ከየት ቦታ እንደሚታይ አልጠየቅንም፤ እነሱም የተመቻቸውን መረጡ።

ስለዚህ ቦታዎቹን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። በካርታ ላይ በቁጥር ምልክት አድርጊና ከደብዳቤው ጋር አያይዢ። ሰው በእግሩ የሚቆምባቸው ቦታዎች ይሁኑ፤ በራችሁ፣ የልጆች መጫወቻው፣ የመንገዱ መታጠፊያ። ካሜራው በሰው ዓይን ከፍታ፣ 1.6 ሜትር አካባቢ ይቀመጥ። ከድሮን ከፍታ የሚያየው ወፍ ብቻ ነው።

2. ሌንሱ።

ይህን ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ጎረቤታችን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጀርባችን ሌላ ሕንፃ ሲመጣ ተማከርን። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተነሳ ፎቶ ብዙ ነገር ያስገባል፤ በዚያው ልክ የራቀውን ያሳንሳል። ያው ሕንፃ ከዚያው ቦታ በ50 ሚሊ ሜትር ሲነሳና በእኩል ስፋት ሲታተም በእጥፍ ገደማ ይተልቃል። ፎቶው አልዋሸም፤ አንቺ ግን ተታለሻል። ባለሙያዎቹ የሚመርጡት ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) ላይ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ምስሉ ኤ3 ወረቀት ላይ በ39 ሳንቲ ሜትር ስፋት ታትሞ ከዓይንሽ 54 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትይዢው፣ ሕንፃው ቦታው ላይ ቆመሽ የምታይውን ያህል ይሆናል። በስልክ ስክሪን አይተሽ እንዳትፈርሚ። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የሌንሱ ዓይነት፣ የቆሙበት ነጥብ፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲጻፍ ጠይቂ።

ቪዲዮ እናሳያችሁ ቢሉሽ ተመልከቺ፣ ግን አትቁጠሪው። የኛዎቹ በሙዚቃ አጅበው አምጥተው ነበር። ካሜራው የኛ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል።

3. ፈቃድ ሰጪው ቢሮ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይስጥሽ።

ለሁለተኛው ሕንፃ በካርታ ላይ ምልክት ያደረግንባቸውን ስድስት የእይታ ነጥቦች ይዤ ስገባ የቢሮው ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ። «አርክቴክት ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩ። «ታዲያ ሌንስ ምን አገባሽ?» እልህ ያዘኝ። ስዊዘርላንድ ውስጥ አልሚው ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ቦታው ላይ እንጨት ወይም ብረት አቁሞ የሕንፃውን ከፍታና ጠርዝ ለጎረቤት ያሳያል አልኩት። ሳን ፍራንሲስኮ በፈረንጆቹ 1984 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ ከ40 ጫማ በላይ የሆነ ሕንፃ በሕዝብ መናፈሻ ላይ የሚጥለው ጥላ ሳይመረመር አያልፍም አልኩት። «እንግዲያው እዚያ ሄደሽ ኑሪ» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ደብዳቤዬን ገቢ አስደርጌ፣ ቀንና ቁጥር አስጽፌ ወጣሁ። ያቺ ቁጥር ናት በኋላ ያዳነችን። አለቃው ጋ ስንደርስ ጥያቄ አልቀረበም ማለት አልቻሉም።

አልሚዎቹ ወጪ ይበዛል ማለታቸው አይቀርም። አርክቴክቱ ሕንፃውን በኮምፒውተር በስሪዲ ከሠራው ሞዴሉ አለ፤ አንድ የእይታ ነጥብ መጨመር ሕንፃውን እንደገና መንደፍ አይደለም። የሚያስወጣው ፎቶው በትክክል ተነስቶ ልኬቱ መያዙ ነው። ይህንን ስንናገር ጠበቃቸው ዝም አለ።

ምስሉ ሲመጣ ያደረግነውን ልንገርሽ፤ በዚህ እኮራለሁ። ከአዲሱ ሕንፃ አጠገብ፣ በእኩል ርቀት ላይ፣ አንድ የቆየ ባለ 5 ፎቅ አለ። አዲሱ ባለ 12 ነው። እንግዲህ ምስሉ ላይ ከአሮጌው ከእጥፍ በላይ መታየት ነበረበት። ቀያሹ ማስመሪያ አውጥቶ ለካ፤ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም! ስብሰባው መሀል ተነሥቼ ማስመሪያውን ምስሉ ላይ አስቀመጥኩ። «የፋይል ስህተት ነው» አሉ። ስህተቱ ለምን ወደነሱ እንዳደላ የጠየቀ የለም፤ እኔም ተውኩት። ተስተካክሎ ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ሁለት ፎቅ ቀነሱ፤ የላይኞቹን ፎቆችም ከኛ በኩል ወደ ኋላ ሳቡ። ሁሉንም አላገኘንም። የግቢያችን ፀሐይ ግን በዚያ በኩል ተረፈ።

አንቺም ጋ ከፎቁ አጠገብ ከፍታው የሚታወቅ ነገር አይጠፋም። ፈልጊና በምስሉ ውስጥ እንዲገባ አድርጊ።

4 እና 5ን ልጽፍ ነበር፤ ረዘመብኝ፣ ባጭሩ፦ ዛፎቹ ሕንፃው በሚያልቅበት ቀን በሚኖራቸው ቁመት ይሣሉ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሚደርሱበት አይደለም። በአካባቢው ፈቃድ አግኝተው ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችም ይግቡ። ጥላውን ለብቻው በሥዕል ጠይቂ፤ በፈረንጆቹ ማርች 21፣ ጁን 21 እና ዲሴምበር 21፣ ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ። የቀትር ጥላ ብቻ ካመጡልሽ መልሺላቸው፤ በቀትር የማንም ጥላ አጭር ነው።

ደግሞ ምስሎቹ ከፈቃዱ ጋር የተያያዙ ሰነዶች ተብለው ይመዝገቡ። እኛ ይህን አስገብተናል። ሕንፃው ሲያልቅ ከስድስቱ ነጥቦች ላይ ቆሜ በዚያው ሌንስ አነሳሁት። አምስቱ ገጠሙ። ስድስተኛው ላይ ጣሪያው በስሪዲው ያልነበረ የውኃ ታንከርና የማሽን ክፍል ተሸክሟል። ለዚያ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ሰውዬው አሁን ስገባ ቀና ብሎ ያየኛል።