ለጀልባዬ ወለል የትኛው ፎም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችኝ የፋይበርግላስ ጀልባ የላይኛው ወለሏ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል፤ በውስጡ ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሷል። በነጭ የማሸጊያ ፎም ብተካው ይሆናል ወይ? (አንባቢያችሁ ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንጨቱን በፎም መተካትዎ ተገቢ ነው፤ የመረጡት ፎም ግን አይሆንም። በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበርግላስ የሚሠራበት፣ ኋላ የሚጠጥር ፈሳሽ) ሲፈስበት፣ በሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ስለሚያሟሟው፣ ዐይንዎ እያየ ጉድጓድ ይሆናል፤ ሌላው የሬዚን ዓይነት ኢፖክሲ ባያሟሟውም እንኳ ሰው ለሚቆምበት ወለል ደካማ ነው። የሚያስፈልግዎ ውኃ የማይመጥ ጠንካራ የፒቪሲ ፎም ሲሆን፣ የላይኛውን ሽፋን ቆርጠው፣ የበሰበሰውን ጠርገውና የታችኛውን ሽፋን በሚገባ አድርቀው ካበቁ በኋላ፣ አየር ማስወጫ የተበሳሳውን ፎም በወፈረ ኢፖክሲ አጣብቀው እስኪደርቅ ክብደት ይጫኑበት። ጥንካሬው የሚገኘው ፎሙን ከላይና ከታች ከያዙት ሽፋኖች ነውና፣ የአሮጌውን ሽፋን ጠርዝ የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል ወደ ጎን በሰያፍ ሳያሳሱ አዲሱን የፋይበርግላስ ጨርቅ አያልብሱ፤ ሲያሳሱት የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳም ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ቡሎን በሚያልፍበት ቦታ ፎሙን አውጥተው በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉት፤ አለበለዚያ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፎሙ ይጨፈለቃል። ፒያሳ ላይ የሙከራ ቁራጭ ቢሠሩ ሬዚኑ በብርዱ ምክንያት ይዘገያል፤ በዝዋይ ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚጠጥር በትንሽ በትንሹ ይበጥብጡ።