ፔዳሉ ሲለሰልስ፦ ከፍሬን መስመር ውስጥ አየር ስለማውጣት

ጥያቄ፦ የመኪናዬን የኋላ ፍሬን ሲሊንደሮች ካስቀየርኩ ወዲህ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ሥራውን የሠራልኝ ባለሙያ «እየነዱት ሲሄዱ ይስተካከላል» ብሎኛል። እውነት ነው? ካልሆነስ አየሩን ከወንድሜ ጋር ሆነን ራሳችን ማውጣት እንችላለን?

መልስ፦ እየነዱት አይስተካከልም፤ እስኪጠገን ድረስም መኪናውን ከቆመበት እንዳያንቀሳቅሱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የፍሬን ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም ማለት ስለሚቻል፣ እግርዎ በፔዳሉ ላይ ያሳረፈውን ግፊት በቧንቧዎቹ በኩል እስከ ጎማዎቹ ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃል። በመስመሩ ውስጥ አረፋ ካለ፣ የፔዳሉ ጉዞ ሸራውን (የሚያቆመውን የፍሬን ንጣፍ) ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት) ጋር ከማገናኘት ይልቅ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል። ሲሊንደር ሲቀየር መስመሩ ስለሚከፈት አየር መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አየሩን ማውጣት የጥገናው አካል እንጂ ለባለንብረቱ የሚተው ሥራ አልነበረም።

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ግን ችግሩ በእርግጥ አየር መሆኑን ይለዩ። የኋላ ሸራዎች ከታምቡሩ ርቀው ከተገጠሙም ፔዳሉ ይወርዳል፤ ደጋግመው ሲረግጡትም ከፍ ይላል። ልዩነቱ፣ እንዲህ ያለው ፔዳል ታች ሲደርስ ጠንካራ ሲሆን፣ አየር ያለበት ግን ታችም ደርሶ ይለሰልሳል። ረግጠው ሳይለቁ ሲይዙት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ወይ አንድ ቦታ ዘይት ይፈስሳል፣ ወይም የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) የውስጥ ማሸጊያ ጎማዎች አልቀዋል፤ ይህን የቱንም ያህል አየር ቢያወጡ አያድኑትም።

ምልክቱ የአየር ከሆነ ሥራው ለሁለት ሰው የሚከብድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት አንብበው ያልተከፈተ ዕቃ ይግዙ። «ዶት» (DOT) የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው፤ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 አንድ ወገን ሲሆኑ፣ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ የፍሬኑን ማሸጊያ ጎማዎች ያሳብጣልና ወደ ማጠራቀሚያው አያስጠጉት። ዕቃው ያልተከፈተ ይሁን ያልሁት፣ የዚህ ወገን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ነው፤ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ የፈላ ዘይት የሚፈጥረው እንፋሎትም ፔዳሉን ልክ እንደ አየር ያለሰልሰዋል።

መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ፣ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ደግፈው፣ ሞተሩን አጥፍተው ይሥሩ። በብዙ መኪኖች ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ተነሥቶ ወደ ቅርቡ ይኬዳል፤ መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ (አንዱ መስመር አንድ የፊት ጎማን ከተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኝ) መኪኖች ግን የተለየ ቅደም ተከተል ሊኖራቸው ስለሚችል የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ። በጎማው ፍሬን ላይ ባለው የአየር ማውጫ ብሎን ጫፍ ላይ ግልጽ ቱቦ ይሰኩና ሌላኛውን ጫፍ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ወንድምዎ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ረግጦ ይያዝ፤ እርስዎ ብሎኑን በጥቂቱ ይፍቱ፤ ዘይቱና አረፋው ከወጣ በኋላ መልሰው ይዝጉ፤ «ለቀቅ» የሚሉትም ከዘጉ በኋላ ብቻ ይሁን። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ፣ ፔዳሉ ሲመለስ በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ አዲስ አየር ይስባል። አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪወርድ ይደጋግሙት። በየመካከሉ ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ አንዴ ባዶ ከሆነ አየር ከላይ ገብቶ ድካማችሁን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ማስተር ሲሊንደሩ ያረጀ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ የውስጥ ጎማዎቹ ለዓመታት ባልነኩት ሻካራ ክፍል ላይ ሄደው ሊቆረጡ ይችላሉና። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት፤ ቀለም ስለሚልጥ አካሉ ላይ የፈሰሰውንም ወዲያው በውኃ ይጠቡት። መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማዎቹ እንዳይቆለፉ የሚከላከል ሥርዓት) ካለውና ደጋግመው ሠርተውም ፔዳሉ ካልጠነከረ፣ አየሩ በኤቢኤሱ ክፍል ውስጥ ታግዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማውጣት ብዙ ጊዜ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ስለሚያስፈልግ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ሲወስዱትም አስጭነው እንጂ እየነዱ አይሁን።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል አጥብቀው ረግጠው ይያዙ። ሞተሩ ሲነሣ በጥቂቱ ዝቅ ቢል የፍሬን አጋዡ ሥራ ነውና አያስጋዎት፤ ከዚያ በኋላ ግን እየወረደ መሄድ የለበትም። ወንድምዎ ፔዳሉን እንደረገጠ በአየር ማውጫ ብሎኖቹና በአዲሶቹ ሲሊንደሮች ዙሪያ እርጥበት አለመኖሩን ይዩ፤ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱትም ባዶ በሆነ ሜዳ ላይ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ይሁን።