ሐኪሙ ስለ ማስቲሽ ሲጠይቅህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመውና እንቀጥል። በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ስድስት ዓመት ቀለም ረጭተሃል። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ማስክ የሚሰጣችሁ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። አሁን እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለህ፣ የሸሚዝህን ቁልፍ የምትቆልፍልህ ሚስትህ ናት። አሠሪህ ደግሞ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት አቅርቦልሃል፣ ልፈርም ወይ ትለኛለህ።

ወረቀቱን አትፈርም።

ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 98 ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የመጣ በሽታ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። አንቀጽ 96 እንደሚለው አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ስለዚህ የሕመም ፈቃድህ እንደ ተራ ሕመም መመዝገቡን በጽሑፍ ተቃወም፣ ክፍያው ይለያያል። ውል ሲቋረጥ የሚጠየቅ ክፍያ በስድስት ወር፣ አብዛኛው ሌላ የሥራ ክርክር ደግሞ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም። ቀኑን የሚቆጥርልህ ጠበቃ ዛሬውኑ ፈልግ።

አሁን ወደ ተውከው ነገር። የደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ሰዎች ስለ ማስቲሽ የሚያወሩት ውሸት ነው» ብለህ አልፈሃል። ማን ጠየቀህ? ልጅ ሆነህ ጎዳና ላይ ስበህ ከነበረ ንገረኝ። አልፈርድብህም። በብርድና በረሃብ ማስቲሽ የሳበ ልጅ ወንጀለኛ አይደለም። ግን ጠበቃህን ደብቀኸው ችሎት ፊት ከአሠሪህ ጠበቃ አፍ ቢሰማው ምን ሊሠራልህ ይችላል?

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ነው። ሐኪሙ «ስበህ ታውቃለህ?» ሲል «በፍጹም» ይሉና ካርዱ ላይ ይጻፋል። ካርዱ የጉዳቱን መጠን ወደሚወስነው የሕክምና ቦርድ ይሄዳል። ከዚያ አንድ የድሮ ጓደኛ ለምስክርነት ይቀርብና በአንድ ቀን ስለ መስኮቱ፣ ስለ ማስኩ፣ ስለ ስድስቱ ዓመት የተናገሩት እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ቀለም በሚቀጥንበት ቲነርም በማስቲሽም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል አንድ ነው፣ ሲበዛና ሲቆይ አንጎልን ይጎዳል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ ያንቀጠቅጣል። ሐኪሙ ኤም አር አይ ቢያነሳህም ፎቶው ጉዳቱን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የሚለየው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። በ15 ዓመትህ ትተህ፣ ለዓመታት ደህና ሆነህ ሠርተህ፣ መንቀጥቀጡ የጀመረህ ቀለም ክፍል ከገባህ በኋላ ከሆነ ያ ክፍተት የአንተ ማስረጃ ነው። የደበቅከው ነገር ግን ማስረጃ ሊሆንልህ አይችልም።

አሁንም የምትስብ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሰውነትን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በአንቀጽ 96 ካሳህን ሊያሳጣህ ይችላል፣ ጤናህም እየባሰ ይሄዳል። ለሐኪምህ ሳትውል ሳታድር ንገር፣ እባክህ።

ሰነድ ሰብስብ። የቲነሩን ጣሳ ጽሑፍ ፎቶ አንሳ፣ አብረውህ የሚረጩትን ስም ጻፍ፣ የሕክምና ካርድህን ኮፒ አውጣ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለህ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ጠበቃህ የደመወዝ ፔሮሉ እንዲቀርብ ይጠይቅልህ። በየወሩ ፈርመህበታል። የመጀመሪያ ዓመት ፊርማህና ያለፈው ወር ፊርማህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጅህ መቼ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ እዚያው ወረቀት ላይ ይታያል።