መልስ፦ የባለቤቴ አያት መንደር፣ ታይንሃም

እህቴ፣ ስለ ባለቤትሽ አያት መንደርና የቤተሰቡን ስም ስለማግኘት ለጠየቅሽኝ፣ አያቱ ያደጉባት ታይንሃም እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት አውራጃ ውስጥ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዲሴምበር 1943 ጦሩ ለልምምድ ፈልጓት ነዋሪውን አስወጣ። ሰዎቹ አንድ ቀን እንደሚመለሱ ገልጸው፣ ቤቶቻቸው በጥንቃቄ እንዲያዙ የሚለምን ወረቀት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፈው ሄዱ። ምን ዋጋ አለው፣ ጦሩ እስካሁን አልለቀቀም።

የቤተሰቡን ስም ለማግኘት ከ1921 የሕዝብ ቆጠራ ጀምሪ፤ በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል። በ1931ዱ አትድከሚ፣ በ1942 ተቃጥሏል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተቆጠረም። የ1939 መዝገብ ግን፣ ማለትም ጦርነቱ ሲጀመር የተያዘው የነዋሪዎች ስም ዝርዝር፣ አለልሽ። የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡን ዶርቼስተር ያለውን የዶርሴት ታሪክ ማዕከል ጠይቂ።

ልታዩዋት ካሰባችሁ ተኩስ የሌለበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ክፍት ናት።